ሜዳውን በማለዳ፣ ወንዙን በረፋድ

ከአዳማ ወጣ ብሎ በማሳዎች መሃልና በአዋሽ ዳር ዞሮ ስለሚመለስ የእግር ጉዞ ብዙ ጥያቄ ደርሶናል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል። ሰዓቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ *እኔና ሦስት የሥራ ባልደረቦቼ ቅዳሜ ጠዋት በአዋሽ ዳር መራመድ እንፈልጋለን። በሄድንበት መንገድ መመለስ ግን ይሰለቻል። ዞረን በሌላ በኩል መነሻችን ላይ ብንደርስ ደስ ይለናል። ስንት ኪሎ ሜትር ይበቃናል? እንዴትስ ይታቀዳል?* (የባንክ ሠራተኛ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ 11 ኪሎ ሜትር ይበቃችኋል። አዋሽ ከከተማው በስተደቡብ ስለሚያልፍ ከአዳማ መሃል በእግር አትነሡ፤ ጉልበታችሁ አስፋልት ላይ ያልቃል። በሚኒባስ ወደ ወንጂ በኩል ወይም በአሰላ መንገድ እስከ አዋሽ መልካሳ ሂዱ። መነሻችሁ ሱቅ ያለበትና ለመመለሻ ባጃጅ ወይም ሚኒባስ የማይጠፋበት ቦታ ይሁን። ዙሩን ጨርሶ የደከመ ሰው መኪና ፍለጋ ሌላ ሁለት ኪሎ ሜትር መሄድ የለበትም።

ዙሩን በሦስት ክፈሉት። መጀመሪያ በማሳዎች መሃል ወደ ወንዙ 4 ኪሎ ሜትር፣ ቀጥሎ ወንዙን ተከትሎ 3፣ በመጨረሻ በመንደር የጋሪ መንገድ ወደ መነሻው 4። ርቀቱን ወደ ሰዓት ስትቀይሩ ለሁሉም አንድ ዓይነት ፍጥነት አትያዙ። በማሳ ድንበር ላይ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር፣ ቁጥቋጦና ስርጥ በሚበዛበት ወንዝ ዳር 2 ተኩል፣ በጋሪ መንገድ 4 ተኩል ያህል ትሄዳላችሁ። በዚህ ስሌት እርምጃው ብቻ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል፤ 45 ደቂቃ ዕረፍት ሲጨመርበት ከአራት ሰዓት ትንሽ ያልፋል። 12 ሰዓት ከ45 ላይ የተነሣ ቡድን 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ወንዙ ጋ ይደርሳል፤ 5 ሰዓት ሲሆን ሻይ ይዞ ይቀመጣል።

አጥብቀን የምንመክረው ቅደም ተከተሉን ነው። ብዙ ሰው ወንዙን ለማየት ስለሚጓጓ ማለዳ ወደዚያ ይወርዳል፣ ከዚያ በጠራራ ፀሐይ ሜዳውን ያቋርጣል። ይህ ሁለት ጊዜ ያስቀጣል። አንደኛ፣ አዋሽ ጉማሬ ያለበት ወንዝ ነው። ጉማሬ ሌሊቱን ሣር ሲግጥ አድሮ ጎህ ሲቀድ ወደ ውሃው የሚመለሰው እናንተ በምትወርዱበት ስርጥ ነው። ሁለተኛ፣ የታረሰ ወይም የታጨደ ማሳ ጥላ የለውም። መሬቱ ሲግል የአቧራ አዙሪት ይነሣል፤ የአዳማ ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ዓይን አያስገልጥም። ሜዳውን ምድሩ ሳይሞቅ አቋርጡት። ወንዝ ዳር ስትደርሱ ፀሐይ ከወጣች ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኗታል፤ ጉማሬውም ውሃ ውስጥ ገብቷል፤ ሾላውና ግራሩም የሚያጠላው ጥላው በሚፈለግበት ሰዓት ነው።

ስለ ዙር ጉዞ አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። መንገዱ ክብ ከሆነ ከመነሻችሁ እጅግ የምትርቁት የዙሪያውን ሲሶ ያህል ብቻ ነው። 11 ኪሎ ሜትር በሚሆን ዙር ከመነሻው በቀጥታ መስመር ከሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል አትርቁም። ሰው እግሩ ቢታጠፍ ዙሩን መጨረስ ግዴታ አይደለም፤ በአቅራቢያችሁ ያለውን የጋሪ መንገድ ይዛችሁ ቁረጡ። ለዚህ ሲባል ከመነሣታችሁ በፊት ዙሩን መሃል ለመሃል የሚያቋርጡ ሁለት መንገዶችን ካርታ ላይ ለይታችሁ ያዙ።

ጥያቄ፦ *ማሳ ማቋረጥ ከገበሬው ጋር አያጣላም? የትኛው ወር ይሻላል?* (መምህር፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ጊዜ ይመረጣል። ጤፉ በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ ይከመራል፤ ከዚያ ወዲያ ከብት የሚሰማራበት ማሳ ላይ የሰው እግር የሚጎዳው ነገር የለም። ከየካቲት በኋላ ሙቀቱና አቧራው ይበረታል። ክረምቱን የእግር ጉዞ ጊዜ አድርጋችሁ አትያዙት።

ሰብል ባለበት ማሳ ግን የሚኬደው በድንበሩ ብቻ ነው። ጤፍ ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ የሚዘራው ከአፈሩ ላይ ላይ ነው። በርጥብ ማሳ ላይ የታተመች አንዲት ኮቴ ዘሩን ወደ ታች ትቀብረዋለች፣ ውሃም ታቋጥራለች፤ ቡቃያው ሲወጣ ያ ቦታ የጫማ ቅርጽ ይዞ ራሰ በራ ይሆናል። ሲያሸት ደግሞ ሌላ ጉዳት አለ። ጠዋት ጤዛ ያዘለ ጤፍ ራሱ ስለሚከብደው ልብስ ሲነካው ይጋሸባል፤ ማለትም መሬት ላይ ይተኛል። የተጋሸበ ጤፍ ለአጫጅ ያስቸግራል፣ ፍሬውም ይረግፋል። አቋራጭ ፍለጋ በዛላው መሃል የገባ ሰው አሥር ደቂቃ አተርፋለሁ ብሎ የሰው እንጀራ ረግጧል።

ካርታ ላይ ወይም ባለፈው ዓመት ያያችሁት የእግር መንገድ ታርሶ ሊጠፋ ይችላል። ይህ በየዓመቱ የሚሆን ነው፤ ሰው ሲመላለስበት እንደገና ይወጣል። አዲሱ እስኪለይ በድንበሩ ዙሩ። የእሾህ አጥር ከፍታችሁ ያለፋችሁ እንደሆነ እንደነበረ መልሳችሁ ዝጉ። ወንጂም መልካሳም ከብት ያለበት አገር ነው፤ በአንድ ክፍት በር አንድ ማሳ ይበላል።

አውድማ ላይ በጫማ አትውጡ። በእበት ተለቅልቆ የደረቀ ወለል ነው፤ በጫማ ሲረገጥ ይፈነቀላል፣ አፈሩም ከእህሉ ጋር ይቀላቀላል። ዳር ቆማችሁ «በርቱ! በረከት ያድርግላችሁ!» ብላችሁ እለፉ። አካባቢው ኦሮምኛ ተናጋሪ ስለሆነ በጠዋት «አካም ቡልተን» (እንዴት አደራችሁ) ማለት፣ የወንዙን መንገድ ለመጠየቅ «ካራን ለጋ ኤሳ?»፣ ሲያመለክቷችሁ «ገለቶማ» (እናመሰግናለን) ማለት ይበቃል። ያገኛችሁት ሰው ታላቅ ከሆነ መነጽራችሁንና ባርኔጣችሁን አውልቃችሁ ሰላም በሉ። መጠየቅ ፈቃድ ለማግኘት ብቻ አይደለም። ባለ ማሳው ትናንት መስኖ የተለቀቀበትን፣ ጉማሬ ያደረበትንና ክፉ ውሻ ያለበትን ግቢ ከማንኛውም ካርታ በተሻለ ያውቃል።

በመልካሳ በኩል ከሄዳችሁ የግብርና ምርምር ማዕከሉን ማሳዎች ከገበሬ ማሳ ለዩ። ትንንሽ ካሬ ሆነው በችካልና በታርጋ የተለዩት የሙከራ መደቦች ናቸው። ከአንዱ መደብ ጥቂት ተክል ቢረገጥ የዚያ መደብ የምርት ልኬት ይበላሻል፤ የዓመት ሥራ ነው። በዚያ አታቋርጡ።

ጥያቄ፦ *ስለ ጉማሬና ስለ አዞ የሚያስፈራ ነገር እንሰማለን። ወንዙን ምን ያህል መራቅ አለብን? ጉማሬ መኖሩንስ በምን እናውቃለን?* (ሁለት አንባቢዎች፣ ከአዳማና ከሞጆ)

መልስ፦ ጉማሬውን ከማየታችሁ በፊት መንገዱን ታያላችሁ። እግሮቹ ተራርቀው ስለሚረግጡ መንገዱ እንደ ጋሪ መንገድ ሁለት ጎድጓዳ መስመር ይሠራል፣ መሃሉ ከፍ ብሎ ሣር ይበቅልበታል። ጋሪ በማይገባበት ቁጥቋጦ ውስጥ እንዲህ ያለ መንገድ ወደ ውሃ ሲወርድ ካያችሁ የጋሪ አይደለም። ዱካው ትልቅ ክብ ሆኖ አራት ጣት አለው። እበቱን በጭራው እየበተነ ስለሚጥል በመንገዱ ዳር ባሉ ቁጥቋጦዎች ላይ ተረጭቶ ይገኛል። ርጥብ ከሆነ ዛሬ አልፏል፤ ደርቆ ከነጣ ቆይቷል። ሣሩ ደግሞ በመቀስ እንደተቆረጠ ዝቅ ብሎ ይጋጣል።

እንዲህ ባለ መንገድ ላይ አትቀመጡ፣ ምሳ አትብሉ፣ ለፎቶም አትቁሙ። ጉማሬ ሰውን የሚመታው ከውሃው ጋር ለያይቶት ሲቆምበት ነው። በደረቅ መሬት ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሮጥ ሩጫ አያድንም። ድንገት ሜዳ ላይ ካጋጠማችሁ ወደ ወንዙ ሳይሆን ከወንዙ ወደሚያርቀው ጎን ገለል በሉና የሚሄድበትን ክፈቱለት። ወፍራም ዛፍ ወይም ጉብታ ካለ ከበስተኋላው ሁኑ።

አዞ የተለየ ነው። እሱ የሚጠብቀው ውሃው ዳር ነው፤ የሚመርጠውም ከብት የሚጠጣበትን፣ ሴቶች የሚቀዱበትን፣ ሰው በየቀኑ የሚወርድበትን ቦታ ነው። በአዋሽ ዳር ብዙ ቦታ ስሙ «መልካ» ብሎ ይጀምራል፤ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። «ሰው ስለሚሻገርበት ደኅና ነው» ተብሎ የሚታሰበው ቦታ ለአዞም የለመደው ቦታ ነው ማለት ነው። ከውሃው አፍ ቢያንስ አሥር ሜትር ራቁ። እጅ መታጠብ፣ እግር ማቀዝቀዝ፣ ሃይላንድ መሙላት የለም። ውሃው ደፍርሶ ውስጡ ስለማይታይ «አየሁ፣ ምንም የለም» የሚባል ነገር አይሠራም።

ከአውሬው ሌላ ዳርቻው ራሱ አደጋ አለው። ወንዙ ከሥር እየቦረቦረ ከላይ ሣር የለበሰ ጣራ ያስቀራል፤ ከላይ ሲታይ ጠንካራ መሬት ይመስላል። ምልክቱ ከአፋፉ ጋር ትይዩ ሆኖ የሚሄድ ስንጥቅ ነው፤ አንዳንዴ ጣት የማያስገባ ቀጭን ነው። ስንጥቁን ካያችሁ ከስንጥቁ ወዲህ ሁለት ሦስት ሜትር ቅሩ፤ ባታዩም ወደ አፋፉ አትጠጉ።

ጥያቄ፦ *ዝናብ በሌለበት በታኅሣሥ ወንዙ ጠዋት ዝቅ ብሎ ከሰዓት ከፍ ብሎ አየሁት። እንዴት ሊሆን ይችላል?* (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

መልስ፦ በዚህ አካባቢ የአዋሽ መጠን የሚወሰነው በሰማዩ ብቻ አይደለም። ከላይ በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ አለ፣ ከሥሩም አዋሽ ሁለትና ሦስት የሚባሉት የኃይል ማመንጫዎች አሉ። ለኃይል የሚለቀቀው ውሃ ሲጨምርና ሲቀንስ ወንዙም አብሮ ይወጣል ይወርዳል። በክረምቱ ማብቂያ፣ ነሐሴና መስከረም ላይ ግድቡ ሲሞላ የሚለቀቀው ውሃ ወንጂ አካባቢን እስከ ማጥለቅለቅ የደረሰበት ጊዜ አለ። በእነዚያ ወራት ዝቅተኛውን ሜዳ ተዉት።

ስለዚህ ጠዋት ድንጋይ ረግጣችሁ የተሻገራችሁት ከሰዓት ላያሻግር ይችላል። ዙሩን ስታቅዱ መሻገሪያው ድልድይ ይሁን፤ ድልድይ ከሌለ አንዱን ዳር ብቻ ያዙ። ስታርፉ ማዶ ያለ አንድ ድንጋይ ወይም ሥር ለዩና በየአሥር ደቂቃው ተመልከቱት። እየሰጠመ ከሆነ፣ ወይም ውሃው ገለባና አረፋ መሸከም ከጀመረ ወደ ከፍታው ውጡ። ግድቡን፣ ማመንጫዎቹንና ድልድዮቹን ፎቶ አታንሡ፤ ጥበቃ አላቸው፣ ጉዞአችሁም እዚያው ያበቃል።

ጥያቄ፦ *በወንጂ አገዳ መሃል ገብተን ሁለት ሰዓት ተንከራተትን። መንገዱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ምን ማድረግ ነበረብን?* (የስፖርት ቡድን አስተባባሪ)

መልስ፦ መጀመሪያ ፈቃድ። አገዳው የስኳር ልማቱ ይዞታ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ስኳር ማምረት የተጀመረውም እዚሁ ወንጂ በ1946 ዓ.ም. ነው። በጥበቃ በር የሚገባበት መንገድ ከሆነ ስማችሁን ተናግራችሁ፣ የምትወጡበትን ሰዓት አስመዝግባችሁ ግቡ።

የምትጠፉበት ምክንያት ግልጽ ነው። አገዳው ሲደርስ ከሰው ቁመት በላይ ስለሚሆን ኮረብታም ዛፍም አይታይም፤ በየማሳው መካከል ያሉት መንገዶችና ቦዮች ደግሞ በቀጥታ መስመር ተቀድደው እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። ሰው የሚሳሳተው መታጠፊያ መቁጠር ሲያቆም ነው። አንድ ሰው ወረቀት ይያዝና በየመገናኛው «ቀጥታ»፣ «ቀኝ»፣ «ግራ» እያለ ይጻፍ። ግራ ያጋባችሁ መገናኛ ሦስት ጊዜ ከገጠማችሁ ወደ ፊት አትግፉ፤ ወረቀቱን ከታች ወደ ላይ እያነበባችሁ ተመለሱ። በኅዳርና በታኅሣሥ ረፋድ ላይ ፀሐይ በደቡብ ምሥራቅ ናት፣ ጥላችሁም ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወድቃል፤ ይህን ካወቃችሁ ቢያንስ ወደ ኋላ እየሄዳችሁ መሆኑ አይሰወርባችሁም። መነሻችሁ ላይ የአዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የሚታዩ ከሆነ በየት በኩል እንዳሉ አስተውላችሁ ግቡ፤ ከአገዳው ስትወጡ አቅጣጫ ይነግሯችኋል።

በበጋው የቆረጣ ወቅት ሌላ የሚያሳስብ ነገር አለ። አገዳው ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉ እንዲወገድ ይቃጠላል። እሳቱ በደረቅ ቅጠል ላይ በደቂቃዎች ውስጥ አንድ ማሳ ያዳርሳል። ጭስ ካያችሁ ወይም መንገድ ዳር ቆመው የሚጠብቁ ሠራተኞች ካያችሁ ጠይቃችሁ በሌላ በኩል ዙሩ። በአቋራጭ ወደ አገዳው መሃል በፍጹም አትግቡ፤ ቅጠሉ ጠርዙ እንደ ምላጭ ይቆርጣል፣ ከሥሩ እባብ ሊኖር ይችላል፣ እሳት ቢነሣም መውጫ የለም።

ጥያቄ፦ *የ7 እና የ10 ዓመት ልጆች አሉኝ። ይዣቸው ብሄድ ይችሉታል? ውሃ ምን ያህል ልያዝ? ቦይ ውስጥ እግራቸውን ቢነክሩስ?* (እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እመቤቴ፣ ልጆቹ ይችሉታል፤ 11 ኪሎ ሜትሩን ግን ይተዉት። ከ5 እስከ 6 ኪሎ ሜትር፣ በሰዓት ከ2 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት ያቅዱ። ወንዙ የሚታይበት አንድ ከፍ ያለ ቦታ ይምረጡ፣ በዳሩ መሄዱን ይተዉት። ልጅ ወደ ውሃ ይሮጣልና አንድ አዋቂ ሁልጊዜ በውሃው በኩል ይሂድ።

ውሃ ለአዋቂ በሰዓት ግማሽ ሊትር፣ ፀሐይ ሲበረታ እስከ አንድ ሊትር ይታሰባል። ለአራት ሰዓት ጉዞ አንድ ሰው ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ይያዝ፤ በልጆቹ ጀርባ ግማሽ ግማሽ ሊትር ብቻ ያድርጉና የቀረውን እርስዎ ይሸከሙ። ልጅ ውሃ የሚጠይቀው ከዘገየ በኋላ ስለሆነ በየ20 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ያጠጧቸው። ቆሎና ሙዝ በቂ ስንቅ ነው። አንድ ከረጢት ኦአርኤስ (ከሰውነት የወጣ ፈሳሽ የሚተካ ዱቄት) ቦርሳ ውስጥ ይኑር፤ በከረጢቱ ላይ በተጻፈው ልክ ብቻ ይበጥብጡት። ከወንዝም ከቦይም ከጉድጓድም ቀድተው አያጠጧቸው። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ በዚህ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ የሚበዛውን፣ ጥርስ የሚጎዳውን ፍሎራይድ አያስወጣም፤ ውሃው ከቤት ይያዝ።

ቦይ ውስጥ እግር መንከር አይሆንም፣ በዚህ ላይ ይጠንክሩባቸው። ቀስ ብሎ በሚሄድ የመስኖ ውሃ ውስጥ የብልሃርዚያ ትል የሚራባበት ቀንድ አውጣ ይኖራል፤ ወንጂ በዚህ በሽታ የታወቀ ቦታ ነው። ትሉ ቁስል ባይኖርም በጤነኛ ቆዳ በኩል ይገባል። ከገቡ ወዲያው ይጥረጉላቸው፤ ይህ ግን ሙሉ መከላከያ አይደለም። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ በጤና ጣቢያ የሰገራ ምርመራ ያሠሩላቸው፤ መድኃኒት አለው። በሲሚንቶ የተሠራ ቦይ ደግሞ ጎኑ አልጌ ይዞ ይንሸራተታል፤ የወደቀ ልጅ ጥልቀቱ ወገቡ ላይ ቢሆን እንኳ ብቻውን መውጣት ያቅተዋል። ወባ ያለበት ቆላ ስለሆነ ከ11 ሰዓት በፊት ከአካባቢው ይውጡ።

ጥያቄ፦ *የትኛው ጫማ ይሻላል? እግሬ ሁልጊዜ ውሃ ይቋጥራል።* (አንባቢ፣ ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ አዲስ ያልሆነ፣ ሶሉ ወፍራምና ጥርስ ያለው ስኒከር። የግራር እሾህ ስስ ሶል ይበሳል፣ የታጨደ በቆሎ ጉቶም እንደ ችካል ቆሞ ይጠብቃል። ወረንጦ ይያዙ። እግር ውሃ የሚቋጥረው ሲረጥብና ሲፋተግ ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛ ካልሲ ይያዙና መንገዱ መሃል ላይ ይቀይሩ። ተረከዝዎ ሞቅ ሞቅ ሲልዎት፣ ገና ቀይ ሳለ ቆም ብለው ፕላስተር ይለጥፉ። ከቋጠረ በኋላ አያፍርጡት።

ጥቁር አፈር ባለበት ዝናብ ከዘነበ ጭቃው በየእርምጃው እየተደራረበ ጫማውን ያከብደዋል፤ በየአምስት ደቂቃው በዱላ ይፋቁት። ሲደርቅ ደግሞ ያው አፈር እግር በሚያስገባ ስንጥቅ ይከፈታል፤ በሣር ተሸፍኖ ቁርጭምጭሚት የሚያዞረው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ *የመንደር ውሻ ሲመጣብን ምን እናድርግ?* (ከአዳማ)

መልስ፦ አትሩጡ። ተጠጋግታችሁ ቁሙ፣ ድንጋይ እንደሚያነሣ ሰው ጎንበስ በሉ፣ «የቤት ባለቤት!» ብላችሁ ተጣሩ። ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም።

ጥያቄ፦ *ስልክ ካለን የአካባቢ ሰው መቅጠር ያስፈልጋል?* (ከአዳማ)

መልስ፦ ለመጀመሪያው ዙር ያስፈልጋል። የአካባቢው ወጣት የትኛው ስርጥ ዘንድሮ እንደተናደ ያውቃል፤ ስልኩ አያውቅም። ክፍያውንና የምትመለሱበትን ሰዓት ከመነሣታችሁ በፊት ተስማሙ፣ ውሃና ስንቅ ለእሱም ያዙ። ካርታውን ኔትወርክ ሳይኖር እንዲሠራ ቤት ሆናችሁ አውርዱ፤ የሄዳችሁበትን መስመር ስልኩ እንዲመዘግብ አድርጉ። በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ዙር ብቻችሁን ትሄዱበታላችሁ። ባትሪው 40 በመቶ ሲደርስ የሌሎቹን ስልክ አጥፉ፣ የአንድ ሰው ብቻ ይሥራ። ቤት ለቀረ ሰው የምትነሡበትን ቦታ፣ የምትሄዱበትን አቅጣጫና «እስከ 8 ሰዓት ካልደወልን ፈልጉን» የሚል ቃል በጽሑፍ ላኩለት።